የማን ተማሪ ነሽ?

ስለ አንድ የኮሌጅ መረብ ኳስ ቡድን ማወቅ ስፈልግ ቀድሜ የማነበው የአሠልጣኞቹን የሕይወት ታሪክ ነው። ልጄ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ ሰው የሚያየው ተጫዋቾቹን ነው እኮ» ትለኛለች። ተጫዋች ተመርቃ ትሄዳለች፣ አሠልጣኝ ናት የምትቆየው እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የሰው ታሪክ ማንበብ ስለምወድ ነው። ማን የት ተወለደ፣ ማን ጋ ተማረ፣ ለምን ከዚህ ወጥቶ እዚያ ገባ። ሐበሻ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

የምኖረው ሊንከን ነው፣ ኔብራስካ። እዚህ ከተማ የሴቶች መረብ ኳስ ቀልድ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ከ2001 ጀምሮ ሜዳው ላይ ባደረገው የመደበኛ ውድድር ጨዋታ ሁሉ ትኬት ተሽጦ ያልቃል። ኦገስት 30 ቀን 2023 ደግሞ ጨዋታውን የአሜሪካ እግር ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜሞሪያል ስታዲየም አወጡትና 92,003 ሰው ገባ። በሴቶች ስፖርት የዓለም ክብረ ወሰን ነው ተባለ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰማንያ ያለፋቸው እናቶች የልጅ ልጆቻቸውን ስም እየረሱ የሴተሯን፣ የኳስ አመቻቿን ስም ግን አይረሱም። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።)

እንግዲህ ወደ አሠልጣኞቹ ልግባ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ትኬት ካገኛችሁ ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። ያኔ ነው የአሠልጣኞቹን ሥራ በደንብ የምታዩት። አንዱ ረዳት ከመረቡ ማዶ ሳጥን ላይ ቆሞ ያለማቋረጥ ኳስ ይመታል። ከወዲህ በኩል ያሉት ልጆች እየተወረወሩ ያነሳሉ። ሌላዋ ረዳት ከሴተሯ ጎን ቆማለች። ኳሷ የት እንደደረሰች ዞር ብላ አታይም፤ ዓይኗ የልጅቷ ጣቶች ላይ ነው። አንዳንዴ ብቻ የልጅቷን ክርን ይዛ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች። ጠረጴዛ ጥግ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠ ልጅ አለ፤ ዳታ ቮሊ በሚባል ፕሮግራም እያንዳንዷን ኳስ ማን ነካት፣ የት ወደቀች እያለ ይመዘግባል። ዋናው አሠልጣኝስ? ብዙ ጊዜ እጁን አጣምሮ ከተጋጣሚው አሠልጣኝ ጋር ወሬ ይዟል።

ወሬው ሁሌም ይገርመኝ ነበር። ታሪካቸውን ማንበብ ስጀምር ግን ገባኝ። አብዛኞቹ የሚተዋወቁት ከድሮ ነው። ወይ አብረው ተጫውተዋል፣ ወይ አንዱ የሌላው ረዳት ነበር፣ ወይ ሁለቱም የአንድ ሰው ተማሪዎች ናቸው።

አሁን እዚህ ሊንከን ዋና አሠልጣኝ የሆነችው ዳኒ ቡስቡም ኬሊ ነች። ያደገችው ከሊንከን ወደ ደቡብ ብዙም ሳይርቅ፣ አዳምስ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አካባቢ ነው። በመኪና ካለፋችሁባት ሳታዩዋት ልታልፉ ትችላላችሁ። ዳኒ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሴተርነት ተጫወተች። ጨዋታውን ለማታውቁ፦ ሴተር ማለት ሁለተኛዋን ኳስ ይዛ ለመቺዎቹ የምታመቻች ናት። ጨዋታው በእሷ እጅ ነው። ማን ይምታ፣ በየት በኩል ይምታ፣ የምትወስነው እሷ ናት። ቡድን ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም ብል ሴተሮች ሁሉ ይስማማሉ። ልጄም ሴተር ስለሆነች ይሄንን በየቀኑ እሰማለሁ።

በመጨረሻው ዓመቷ በ2006 ግን ዳኒ ሊቤሮ ሆነች። ሊቤሮ ማለት ያቺ የተለየ ቀለም መለያ የምትለብሰው ናት። ከኋላ ብቻ ነው የምትጫወተው። ብሎክ መግባት፣ ማለትም መረቡ ላይ ዘልላ የተመታ ኳስ መከልከል፣ አይፈቀድላትም። ከመረቡ በላይ ያለ ኳስ መትታ ነጥብ ማግባትም አይፈቀድላትም። ሥራዋ መሬት ላይ መውደቅ፣ ኳስ ማንሳት፣ ደግሞ መውደቅ ነው። ለዓመታት ጨዋታውን ስትመራ የነበረች ልጅ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ጉልበቷን እየላጠች ለሌላ ሰው ኳስ ታቀብል ጀመር። በዚያ ዓመት ኔብራስካ ኦማሃ ላይ ስታንፎርድን አሸንፎ የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ ወሰደ።

የዩኒቨርሲቲ ገጾች ይሄንን በአንድ መስመር ያልፉታል። «በመጨረሻ ዓመቷ በሊቤሮነት ተሰልፋ ዋንጫ አነሳች።» አለቀ። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆም እላለሁ። ለእኔ ከዋንጫው ይልቅ ሰውየዋን የሚያሳየኝ እሱ ነው። የልጄ ክለብ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ቢታዘዝ እናቶቹ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ ነው። አሠልጣኙን በስልክ ያጣድፉታል። እኔም ሳልኖርበት አልቀርም።

ከዚያ በኋላ የረዳትነት ዓመታት መጡ። ሁለት ዓመት ቴነሲ፣ አንድ ዓመት ሉዊቪል፣ ከ2012 እስከ 2016 ደግሞ ተመልሳ ኔብራስካ፣ ያሠለጠናት የጆን ኩክ ረዳት ሆና። በ2015 ኔብራስካ እንደገና ዋንጫ ሲወስድ የረዳቶቹ ወንበር ላይ ነበረች። በ2017 ሉዊቪል ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ወሰዳት። አስተውሉ፤ ቀድሞ ለአንድ ዓመት ረዳት ሆና የሠራችበት ቤት ነው። በ2021 ቡድኗ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ እዚያ በዊስኮንሲን ወደቀ። የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለች። በ2022 ፍጻሜ ደርሳ በቴክሳስ ተሸነፈች፤ ያውም በተጫዋችነትም በረዳትነትም ዋንጫ ባነሳችባት ኦማሃ።

አሁን ደግሞ ጆን ኩክን እንይ። የካሊፎርኒያ ሰው ነው። ሥራውን ሳንዲዬጎ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የጀመረው። ከዚያ ኔብራስካ ረዳት ሆነ። ከዚያ የዊስኮንሲን ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ከ1992 ጀምሮ ቡድኑን ትልቅ አደረገው። በ1999 ምን አደረገ መሰላችሁ? የዊስኮንሲንን ዋና አሠልጣኝነት ትቶ ኔብራስካ በምክትልነት ገባ። አንድ ዓመት ከአለቃው ሥር ሠራና በ2000 ወንበሩን ተረከበ። በዚያው ዓመት 34 ጨዋታ ተጫውቶ 34ቱንም አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በ2006፣ በ2015 እና በ2017 ደገመው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዋና የነበረ ሰው ምክትል ሆነ። ሴተር የነበረች ልጅ ሊቤሮ ሆነች። ይሄን ነገር ወደፊትም ታገኙታላችሁ።

የኩክ አለቃ የነበረው ቴሪ ፔቲት ነው። ታሪኩን ሳነብ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ፔቲት ኔብራስካ የገባው በ1977 ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪውን የያዘው ደግሞ በግጥም ነው። አዎ፣ በግጥም። ገጣሚ ነው ይሄን ሁሉ የጀመረው። እስከ 1999 ድረስ አሠልጥኖ በ1995 የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ የመረብ ኳስ ዋንጫ አመጣ።

በእኛ አገር የቅኔ ተማሪ አዲስ ጉባኤ ቤት ሲደርስ «የማን ተማሪ ነህ?» ይባላል። የዋሸራ ነህ? የጎንጅ? የዋድላ? መልሱን ሲሰሙ ከቅኔው በፊት አካሄዱን ያውቁታል። የመረብ ኳስ አሠልጣኞችን ታሪክ ሳነብ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው። ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ደግሞ ብዙ መንገድ ገጣሚው ቤት ያደርሳችኋል።

ለምሳሌ ራስ ሮዝ (ራስ ስሙ ነው፣ ማዕረግ አይደለም)። በሴቶች ኮሌጅ መረብ ኳስ ከእሱ የበለጠ ዋንጫ ያነሳ የለም፤ ከፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሰባት ጊዜ። ከ1979 እስከ 2021 እዚያው ነበር። ከ2007 ጀምሮ ቡድኑ 109 ጨዋታ በተከታታይ ያለሽንፈት ተጉዟል። በጨዋታ መሀል ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቁጥር ሲጭር ይታይ የነበረው ሰውዬ እሱ ነው። ያ ቁጥር ከየት መጣ? የሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው ኔብራስካ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ራሱ የመረብ ኳስ ቁጥሮች ላይ ነበር። ማንን እየረዳ? ቴሪ ፔቲትን። ገጣሚና ቁጥር ወዳድ አንድ ቢሮ ውስጥ። ያን ጊዜ ምን ይባባሉ እንደነበር ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

የራስ ሮዝ ተማሪ ደግሞ ኬቲ ሹማከር ኮሊ ነች። የቺካጎ ልጅ ናት። ፔን ስቴት በ1999 የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ሜዳ ላይ ነበረች። ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ ቺካጎ የሚገኘውን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለዓመታት በዋና አሠልጣኝነት መራች። ከዚያ ፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ አሁንም ዋና አሠልጣኝ። በ2018 ግን ፔን ስቴት ጠራት፤ ለረዳትነት። ሄደች! ዘጠኝ ዓመት ገደማ ዋና ሆና የሠራች ሴት፣ ልጆች ያሏት እናት፣ ተመልሳ የድሮ አሠልጣኟ ረዳት ሆነች። በ2022 መጀመሪያ ላይ ሮዝ ሲያበቃ ወንበሩን ያዘች።

እዚህም ያው ነገር። ሦስተኛ ጊዜ።

አሁን 2024ን ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት የውድድሩ ወቅት ላይ ኬቲ የጡት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ኬሞ እየወሰደች ቡድኗን መራች። በዲሴምበር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ፔን ስቴት ከእኛው ኔብራስካ ጋር ተገናኘ፣ ሉዊቪል ከተማ ላይ። ኔብራስካ 2 ለ 0 መራ። አራተኛው ዙር ላይ 24 ለ 22 ሆነ። አንድ ነጥብ ብቻ ቀረች። መጦሪያ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ዙሪያ ተሰብስበን ነበር። አንዲት እናት ሹራብ መሥሪያቸውን ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተዋል፤ ለእሳቸው ጨዋታው አልቋል። እኔም የማታውን መድኃኒት ለማከፋፈል ጋሪውን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ ፔን ስቴት ነጥቧን ከለከለ። ሁለተኛዋንም። ዙሩን 28 ለ 26 ወሰዱት። አምስተኛውን 15 ለ 13። እናትየዋ ሹራቡን መልሰው አውጥተው በቁጣ ይሠሩ ጀመር። መድኃኒቱ በዚያ ቀን ትንሽ ዘገየ፤ የከሰሰኝም የለም።

ያ ጨዋታ የጆን ኩክ የመጨረሻ ጨዋታ ሆነ። በፍጻሜው ዲሴምበር 22 ፔን ስቴትና የዳኒ ሉዊቪል ተገናኙ። በሉዊቪል ከተማ፣ በ21,860 ሰው ፊት። ሁለቱም ዋና አሠልጣኞች ሴቶች ነበሩ። ፍጻሜ ላይ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ፔን ስቴት 3 ለ 1 አሸነፈ። በጃንዋሪ 2025 ኩክ ጡረታ ወጣሁ አለ፤ ወንበሩንም ዳኒ ተረከበች።

ቴሌቪዥኑ ስለ ካንሰሩ ብዙ አወራ፣ ስለ ሴትነታቸውም ብዙ አወራ። ትክክል ነው፣ ይወራ። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። ኬቲ የሮዝ ተማሪ፣ ሮዝ የፔቲት ረዳት። ዳኒ የኩክ ተማሪ፣ ኩክ የፔቲት ረዳት። በፍጻሜው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱም ሴቶች የአንድ ገጣሚ የልጅ ልጆች ናቸው። ይሄንን በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት «አንቺ ደግሞ ሥራ አጥተሻል» አለችኝ።

ሴትነቱን በቀላሉ ልለፈው አልችልም ግን። የኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ ውድድር የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ድርጅት፣ በኤንሲኤኤ ሥር የተጀመረው በ1981 ነው። ከዚያ ዓመት እስከ 2023 ድረስ ዋንጫውን ያነሳው ዋና አሠልጣኝ ሁሌም ወንድ ነበር። ሁሌም! የሴቶች ውድድር ነው የምላችሁ። ምክንያቱ ሴት አሠልጣኝ ስላልነበረ አይደለም። እንዲያውም በ1972 በትምህርት ቤት በጾታ ማዳላትን የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ፣ ከኮሌጅ የሴቶች ቡድኖች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የሚያሠለጥኑት ሴቶች ነበሩ። ግን ሥራው ያን ጊዜ ደመወዙ ጥቂት ነበር፣ አንዳንድ ቦታም ጭራሹኑ የለውም፤ የስፖርት አስተማሪዋ በትርፍ ሰዓቷ የምትሠራው ነገር ነው። ሕጉ ለሴቶች ስፖርት ገንዘብ ሲያመጣ ሥራው እውነተኛ ሥራ ሆነ። ያኔ ወንዶቹ አመለከቱ። ቀጣሪዎቹም ወንዶች ነበሩ። አሁን የሴት አሠልጣኞች ድርሻ ከግማሽ በታች ነው። ገንዘብ ሲመጣ ወንድ ይመጣል፤ ይሄን ለእኛ አገር ሴት ማስረዳት አያስፈልግም።

ሜሪ ዋይዝን ሳላነሳ ማለፍ ነውር ነው። ፐርዱ ተጫውታ እንደወጣች በ21 ዓመቷ የአዮዋ ስቴት ዋና አሠልጣኝ ሆነች። በ21 ዓመት! ተጫዋቾቿ እኩዮቿ ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ኬንታኪ በረዳትነት ሠራች። እሷም ወረደች፣ አያችሁ? በ1991 ፍሎሪዳ ገብታ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየች። ስምንት ጊዜ ለመጨረሻዎቹ አራት ደርሳለች። ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ገብታ ሁለቱንም ተሸነፈች፤ በ2003 እና በ2017። የ2017ቱን ያሸነፋት ኔብራስካ ነው፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ። እኔ ኔብራስካ እየኖርኩ እንኳ ለዚያ ጨዋታ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። በ2025 ዋንጫ ሳታነሳ ጡረታ ወጣች። በሩን ለዓመታት ስታንኳኳ የኖረችው እሷ ናት፤ የተከፈተው ለሌላ ነው።

ያን የ2017 ጨዋታ ለኔብራስካ የመራችው ሴተር ኬሊ ሀንተር ነበረች። እዚሁ ኔብራስካ፣ ኦማሃ አጠገብ ካለችው ፓፒሊየን የመጣች ልጅ ናት። በ2015ም ሴተሯ እሷ ነበረች፤ ያኔ ረዳቷ ዳኒ ናት። ኬሊ በኋላ ራሷ ኔብራስካ ረዳት ሆና ገባች። የሴተሯን ጣት እያየች የምትቆመው ረዳት ብዬ ከላይ የነገርኳችሁ እሷን ነው። ልጄ ጨዋታ ስንገባ ዓይኗ ከእሷ ላይ አይነሳም። ኳሱ ወዲያ ሲሄድ እሷ ወዲህ ታያለች።

ጄይለን ሬየስ ደግሞ ከሃዋይ ነው የመጣው። ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ውስጥ ሊቤሮ ነበር። በ2018 በረዳትነት ሊንከን መጣ። ሥራው መከላከሉና ሰርቭ መቀበሉ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ወንዶች በሴቶች ቡድን ወንበር ላይ ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የወንዶች የኮሌጅ መረብ ኳስ ቡድን ጥቂት ነው፤ የሴቶቹ ግን በመቶዎች ይቆጠራል። ጨዋታውን የሚወድ ወንድ መሥራት ከፈለገ ያለው ቦታ የሴቶቹ ነው። ስለዚህ ከላይ ያማሁትን ሁሉ በእያንዳንዱ ወንድ ላይ አልደፋውም። ሬየስ ልጆቹን ኳስ ሲያስነሳ አይቼዋለሁ፣ አብሯቸው ነው መሬት የሚወርደው።

ጆርዳን ላርሰንም እዚህ ወንበር ላይ አልፋለች። ሁፐር ከምትባል ሌላ ትንሽ የኔብራስካ ከተማ የወጣች ናት። ዳኒ ሊቤሮ በነበረችበት በ2006 አብረው ዋንጫ አንስተዋል። ከዚያ አራት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ፤ ቶኪዮ ላይ የቡድኑ አምበል ሆና ወርቅ። በ2023 ኔብራስካ በረዳትነት ገባች። በዚያው ዓመት አንድ ደንብ ተቀይሯል። ከዚያ በፊት ኮሌጆች ከሚከፈላቸው ረዳቶች ሌላ አንድ «በጎ ፈቃደኛ» ረዳት ይይዙ ነበር። ሙሉ ቀን ይሠራል፣ ደመወዝ የለውም። ሌላ ቦታ ቡና እየቀዳ፣ በጋ ላይ የልጆች ካምፕ እያሠለጠነ ኑሮውን ይገፋል። የብዙ አሠልጣኞች ታሪክ ላይ «በጎ ፈቃደኛ ረዳት» የሚል አንድ ሁለት ዓመት ታያላችሁ። እዚያ ላይ የቤት ኪራይ ማን እንደከፈለ አይጻፍም። ኤንሲኤኤ በ2023 ይሄን ስም ሰረዘውና ቦታዎቹ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሆኑ። ሀብታም ቤተሰብ የሌላት ልጅ አሠልጣኝ እንድትሆን ከብዙ ንግግር ይልቅ ይሄ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

እኔም በልጅነቴ ተጫውቻለሁ፣ አዲስ አበባ፣ ትምህርት ቤት። አሠልጣኛችን የስፖርት አስተማሪያችን ነበር፣ ቲቸር ነበር የምንለው። መረቡ አንድ ጎኑ የተቀደደ ነበርና በሲባጎ ያስረው ነበር። ቲቸር ስለ ራሱ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። የት እንደተጫወተ፣ ማን እንዳሠለጠነው አናውቅም፤ ጠይቀንም አናውቅ። ከእኛ መሀል ጎበዝ የምትባል ካለች ተስፋዋ ክለብ መግባት ነው። የክለቦቹን ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሙገር ሲሚንቶ፣ ብሔራዊ አልኮል። መረብ ኳሳችን በፋብሪካ ነው የኖረው። ተጫዋቿ ደመወዝተኛ ናት፣ ጥሩ ነው። አሜሪካ ግን ቡድኑን የያዘው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የእያንዳንዷ ረዳት ታሪክ ከነፎቶዋ ተጽፎ ይቀመጣል። የእኛዎቹ አሠልጣኞች ታሪክ የሚገኘው ሰው አፍ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የተጫወታችሁ ካላችሁ ጻፉት እባካችሁ። እኔ አነባለሁ።

አሁን ልጄ ራሷ የኮሌጆችን ስም መዘርዘር ጀምራለች። ደንቡ ጥብቅ ነው። የኮሌጅ አሠልጣኝ ልጅቷን በቀጥታ ማናገር የሚችለው አሥረኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ያን ቀን ስልኩ ሲጠራ፣ ከጠራ፣ ብዙ ጊዜ የሚደውለው ዋናው አሠልጣኝ አይደለም፤ ረዳቱ ነው። የክለብ ጨዋታ ሊያይ ቅዳሜና እሑድ በየከተማው የሚዞረው፣ ወላጅ የሚያሳምነው፣ ልጅቷ ገብታ ቤቷ ሲናፍቃት የምታለቅስበትም እሱ ወይም እሷ ናት። ችግሩ ጎበዝ ረዳት አይቆይም። ሌላ ቦታ ዋና ያደርጉታል። ልጅሽ በእሷ ምክንያት ኮሌጁን ትመርጣለች፣ ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ እሷ የለችም።

ስለዚህ የምንጠይቀውን በደብተር መጻፍ ጀምሬያለሁ። ማን ጋ ነው የተማርሽው? ቦታ ተቀይሮብሽ ያውቃል? ሴተሮቹን የምትይዘው ማን ናት? ልጄ አነበበችውና እስከዚህ ድረስ ተስማማች። የመጨረሻውን ግን በእስክሪብቶ ሰረዘችው። «ከሁለት ዓመት በኋላ እዚህ ትኖሪያለሽ?» የሚል ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ለሰው አይጠየቅም፣ ታሳፍሪኛለሽ» አለችኝ። ከሥር መልሼ ጻፍኩት።